አልባሪኞ ይዞ የመጣ ሽማግሌ

(አሌክሳንድሪያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ዝናብ ያካፋል። ኪራኮስ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለሽምግልና መጥቶ በልጅቷ ቤት ደጅ መኪናውን ፓርክ አድርጓል። አብሮት የሚገባውን ሽማግሌ፣ የግሪንቤልቱን ኦላናን እየጠበቀ ነው። በቴክስት እንጂ በመልክም በድምፅም አይተዋወቁም። ለነገሩ ኪራኮስ ሰው የሚያስፈልገው ለደንቡ ያህል እንጂ፣ ለንግግሩስ ብቻውን እንደሚበቃ ያምናል። ጃንጥላ የያዘ አንድ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው የመኪናውን በር ከፍቶ ቆሟል፤ ክርክሩም ተጀምሯል።)

ኪራኮስ፦ በሩን ይዝጉታ ጋሼ፣ ወይኑ ይሞቃል።

ሰውየው፦ መኪናው እኮ እዚህ ጋ...

ኪራኮስ፦ መኪናው ምንም አይልም። ይግቡ፣ ዝናብ ይመታዎታል። በዚህ ብርድ ኤሲ የለቀቅሁት ለራሴ መስሎዎት ነው? ለእሱ ነው። ሳይቀዘቅዝ ካቀረብነው ሰውየው ይቀየመናል።

ሰውየው፦ የቱ ሰውዬ?

ኪራኮስ፦ የልጅቷ አባት ነዋ፣ ሲላስ የሚሉት። ማቲያስ አልነገረዎትም?

(ሰውየው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ጃንጥላውን አጥፎ ገባና በሩንም ዘጋው።)

ሰውየው፦ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።

ኪራኮስ፦ ማቲያስ የእህቴ ልጅ ነው፤ ያሳደግሁት ግን እኔ ነኝ። የዚህን ሰውዬ ልጅ፣ ፀዲን ካላገባሁ ብሎ ምግብ እንቢ ብሏል። ዛሬም ባዶ እጄን ከተመለስሁ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ባለፈው የላክናቸውን ሽማግሌዎች እኮ ሰውየው ከበር ነው የመለሳቸው።

ሰውየው፦ ምን አጥፍተው?

ኪራኮስ፦ ወሬ አበዛችሁ ብሎ። ወሬ የማያበዛ ሰው ላኩልኝ አለ። ለዚህ ነው እኔ የተመረጥሁት።

ሰውየው፦ ጥሩ መርጠዋል።

ኪራኮስ፦ አሁን ልብ ብለው ይስሙኝ። አልባሪኞ የስፔን ነጭ ወይን ነው። ሰውየው በስደት ስፔን ኖሯል አሉ፤ ጠርሙሱን ሲያይ ልቡ ይቀልጣል። ሲቀምሱት መጀመሪያ ሎሚ ይመጣል፣ ቀጥሎ ኮክ፣ መጨረሻ ላይ የባሕር ጨው።

ሰውየው፦ ሎሚ ጨምቀውበት ነው?

ኪራኮስ፦ የለም፣ ምንም አልተጨመረበትም።

ሰውየው፦ ታዲያ ሎሚው ከየት መጣ?

ኪራኮስ፦ ከወይኑ።

ሰውየው፦ ጨውስ?

ኪራኮስ፦ ወይኑ የሚበቅለው ባሕሩ አጠገብ ነው። ነፋሱ ያመጣዋል።

ሰውየው፦ ኮኩንም ነፋሱ ነው ያመጣው?

(ኪራኮስ በረጅሙ ተነፈሰ። ማቲያስ ይኼን ሰው ከየት ፈልጎ እንዳገኘው ገረመው። አንድ ነገር ለማስረዳት ይኼን ያህል ከለፋ፣ እዚያ ውስጥ ገብተው ምን ሊሆኑ ነው?)

ኪራኮስ፦ ይተዉት፣ እዚያ እኔ እናገራለሁ። ዋናው ነገር ይኼ ወይን ብቻውን አይቀርብም። ከበግ ወጥ ጋር ካቀረቡት ጣዕሙ ድራሹ ይጠፋል። የሚስማማው ከባሕር ምግብ ጋር ነው። (ከኋላ ወንበር በረዶ የሞላበት ሣጥን ጎተተ።) ስለዚህ ሽሪምፕ ይዣለሁ።

ሰውየው፦ (ጎንበስ ብሎ አየ) ይኼ አንበጣ ዓይን አለው እንዴ?

ኪራኮስ፦ ዓይኑን አይዩት።

ሰውየው፦ እርስዎ ይበሉታል?

ኪራኮስ፦ እኔ? ምን ቆርጦኝ።

ሰውየው፦ የልጅቷ አባትስ?

ኪራኮስ፦ እሱም ሐበሻ አይደል? አይነካውም።

ሰውየው፦ ታዲያ ማን ሊበላው ነው?

ኪራኮስ፦ ማንም። አጠገቡ ይቀመጣል። ለወይኑ ነው።

ሰውየው፦ ወይኑ ያየዋል?

ኪራኮስ፦ ጋሼ፣ እርስዎን ማስረዳት ከሽምግልናው ባሰብኝ። (የወይኑን ክዳን ከፍቶ በወረቀት ስኒ ቀዳ።) እንኩ፣ ቀምሰው ይግባዎት።

ሰውየው፦ እኔ ጌታን ከተቀበልሁ ጀምሮ አልጠጣም።

ኪራኮስ፦ ይኼንን ሰውየው ፊት እንዳይደግሙት። ስፔን የኖረ ሰው ነው፣ ይታዘበናል።

ሰውየው፦ እርስዎ ይቅመሱልኝና ይንገሩኝ።

ኪራኮስ፦ (ቀመሰ) ይኸው፣ ሎሚ።

ሰውየው፦ ኮኩስ?

ኪራኮስ፦ ገና ነው።

ሰውየው፦ ይድገሙታ። በሞቴ።

ኪራኮስ፦ (ደገመ) መጣ። የበሰለ ኮክ።

ሰውየው፦ ጨዉ ሊቀር ነው? አፈር ስሆን፣ ይጨርሱት።

(እንዲህ ተለምኖ እምቢ የሚል ሰው አልተወለደም። ኪራኮስ ስኒውን ገለበጠው። ጨዉ መጣ ሊል ሲል ስልኩ ጮኸ። አነበበው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።)

ኪራኮስ፦ «አቶ ኪራኮስ፣ ድልድዩ ላይ ትራፊክ ይዞኛል። ኦላና።» ... እርስዎ ኦላና አይደሉም?

ሰውየው፦ ሲላስ እባላለሁ። የወጣሁት ጋራዤን ዘግተውብኛል ልልዎት ነበር።

(በኪራኮስ ፊት ማቲያስ ድቅን አለበት። አፈረ። በሩን ከፍቶ እየሮጠ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢገባ ደስ ባለው።)

ሲላስ፦ ስፔን የተቀመጥሁት ቪዛ እየጠበቅሁ ነው እንጂ ወይን እየጠጣሁ አይደለም። እሱ ይሁን። ወሬውንም ልለፈው። ግን እርስዎ ምን ዓይነት ሽማግሌ ነዎት? ሽማግሌ እኮ መልስ ሳያገኝ ውኃ እንኳ አይቀምስም። የሚቀምሰው ልጅ ከተሰጠው በኋላ ነው።

(ኪራኮስ ቀስ ብሎ ቀና አለ።)

ኪራኮስ፦ ይድገሙልኝ እስቲ።

ሲላስ፦ የሚቀምሰው ልጅ ከተሰጠው በኋላ ነው አልሁ።

ኪራኮስ፦ አባትየው ራሱ ቅመስ ቢለውስ?

ሲላስ፦ ያኔማ ሰጥቷል ማለት ነው። ሳይሰጥማ ማን አባት ሽማግሌን በሞቴ ብሎ...

(ሲላስ የጀመረውን ሳይጨርስ ቀረ። ባዶውን ስኒ አየ። ቀጥሎ የቤቱን መስኮት አየ፤ መጋረጃው ሲነቃነቅ ደነገጠ። ኪራኮስ ከልጅነቱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ነገር እያለው ምንም አላለም።)

ሲላስ፦ ልጄን መኪና ውስጥ ሰጠኋት ብዬ ለእናቷ እንዴት ልነግራት ነው?

ኪራኮስ፦ እኔ ገብቼ አስረዳልዎታለሁ።

ሲላስ፦ አንተማ ዝም ብለህ ግባ።