ብርድ ልብስ የያዘው ሰው

(ሳንቲያጎ ደ ኩባ፤ የፎቶ ኤግዚቢሽን። የአብዮቱ መሪዎች ሲላጩ፣ ሲያንኮራፉ፣ ቀዳዳ ካልሲ ሲሰፉ ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። ጡረተኛው ኤቬሊዮ አንድ ፎቶ ሥር ተገትሮ አልነቃነቅ ብሏል። መነጽሩን ቤት ረስቷል፤ አፉን ግን ይዞ መጥቷል። አብሮት ያለው ኒቫልዶ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል።)

ኤቬሊዮ፦ እኔ ነኝ አልኩህ እኮ!

ኒቫልዶ፦ የቱ? ቁጢጥ ያለው?

ኤቬሊዮ፦ ኧረ ባክህ! እሱ አዛዡ ነው።

ኒቫልዶ፦ ሱሪው የት ሄደ?

ኤቬሊዮ፦ ሆዱ የተበላሸ ሰው ሱሪው የት ይሄዳል? አዛዥም እኮ ሆድ አለው! እኔ ብርድ ልብስ ዘርግቼ የከለልኩት ነኝ።

ኒቫልዶ፦ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው።

ኤቬሊዮ፦ የገዛ ጀርባዬ ይጠፋኛል?

ኒቫልዶ፦ እኔ የኔን አይቼው አላውቅም።

ኤቬሊዮ፦ አንተ ደግሞ ምን አይተህ ታውቃለህ! ስማ፣ ከሰዓት የዶሚኖ ጓደኞቻችን ይመጣሉ። አርባ ዓመት ሙሉ «ጫካ ነበርኩ» ስላቸው ኖሬ ዛሬ ስሜን እዚህ ካላዩት፣ ሰፈሩ ውስጥ መቆሚያ የለኝም። በል ጽሑፉን አንብብልኝ።

ኒቫልዶ፦ (በጣቱ እየተከተለ) «ያልታወቀ... ታጋይ። የሚያውቀው ሰው... ስሙን... እዚህ ይጻፍልን።»

ኤቬሊዮ፦ እስክሪብቶ አምጣ!

ኒቫልዶ፦ ገና አልጨረስኩም።

ኤቬሊዮ፦ አንተ እስክትጨርስ ሌላ አብዮት ይነሳል!

ኒቫልዶ፦ እርግጠኛ ነህ ግን? የጦሩ ምግብ አብሳይ ነበር ይላል።

ኤቬሊዮ፦ ታዲያስ! ያለ እኔ ድስቱን የሚነካ ማን ነበር?

ኒቫልዶ፦ የዚያን ቀኑን አደንጓሬም?

ኤቬሊዮ፦ በዚህ በእጄ! አዛዡ ጣቱን ነው የላሰው! (ስሙን ከነአባቱ፣ ከነእናቱ በትልልቁ ጽፎ ይፈርማል)

ኒቫልዶ፦ ልጨርሰው?

ኤቬሊዮ፦ አሁን እንደ ልብህ።

ኒቫልዶ፦ (አንዴም ሳይንተባተብ) «አብሳዩ በምግብ ዘይት ፈንታ የጉሎ ዘይት አደንጓሬው ላይ ገልብጦ፣ አርባ ታጋይ ሦስት ቀን ከቁጥቋጦ ሥር አልተነሳም። ለቅጣቱም ብርድ ልብስ እንዲይዝ ተፈረደበት፤ ከዚያ ጠፋ። በሕይወት ያሉት ሰባቱ ታጋዮች ዛሬ ከሰዓት እዚህ ይገኛሉ። አብሳዩን አጥብቀው ይፈልጉታል።»

ኤቬሊዮ፦ (እስክሪብቶውን ኒቫልዶን እያስጨበጠ) የማርያም ያለህ! ሰርዘው! እኔ አይደለሁም! ጫካ የሚባል በፖስታ ካርድ ነው የማውቀው!

ኒቫልዶ፦ አውቃለሁ።

ኤቬሊዮ፦ በምን አወቅህ?

ኒቫልዶ፦ ሁለቱ ጠርሙሶች እኮ ቁርጥ አንድ ነበሩ፤ ማንም ሰው ይሳሳታል። (እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቶ ወደ በሩ እየሄደ) ይኸው አርባ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ የድሮ ታጋይ ባየሁ ቁጥር ስደበቅ ኖሬያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ኤቬሊዮ። ሰባቱንም ሰላም በልልኝ።