እማማ አስቴር የወፈሩበት ቪዲዮ

ቴሌቪዥንን የፈለሰፈው ሰው ጋደም ብሎ ሳያስበው አልቀረም። እኔ በዕድሜዬ ስፋቱ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ አንድ ሁለት ነጋዴ ተጠግተውታል፣ ግን አልደረሱበትም። የእኛ ሰው ደግሞ ሞባይል ሲይዝ ስልኩን አቁሞ ነው የሚቀርጸው። አልፈርድበትም። ችግሩ የሚመጣው ያ የቆመ ምስል በተጋደመው ቴሌቪዥን ይታይ ሲባል ነው። ያን ጊዜ እኔ እጠራለሁ።

ሆሳዕና ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ ኤዲትም አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ምሕረት የምትባል፣ እዚያው አቅራቢያችን ሞርሲቶ ከተማ የምታስተምር ሴት የታናሽ ወንድሟን ሰርግ አሠራችኝ። እናታቸው እማማ አስቴር ታመው አልጋ ላይ ስለነበሩ ሰርጉ ላይ አልተገኙም። ምሕረት ምርቃታቸውን ቤት ውስጥ በሞባይሏ ቀርጻ አመጣችና ፊልሙ መሀል አስገባልኝ አለችኝ። ፊልሙ የሚላከው ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ለከፈተው ለታላቅ ወንድሟ ለማቴዎስ ነው። ማቴዎስ እናቱን ካየ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ምሕረት፣ እማዬ ደክማለች፣ በሕይወት እያለች ድረስ ብላው ትኬት ሊቆርጥ ነበር። ይህን ግን ያኔ ማን ነገረኝ?

ቪዲዮውን ከፈትኩት። እማማ አስቴር ትራስ ተደግፈው፣ ስልኩ እንደ ቆመ፣ ቀጥ ብለው ይመርቃሉ። እንዳለ ባስገባው ግራና ቀኙ ጥቁር ሊሆን ነው። በሰርግ ፊልም እናትን በጥቁር ማጠር! ከዚያ በፊት ለአንዱ ሰውዬ እንዲህ ሠርቼለት፣ በቁሜ ከል አለበሰኝ ብሎ ሰፈር ሰብስቦብኛል። ከላይ ብቆርጥ ሻሻቸው፣ ከታች ብቆርጥ የሚመርቁበት እጃቸው ይሄዳል። ዛሬ ልጆቹ ያንኑ ምስል አደብዝዘው ከኋላ ይሞሉበታል፤ እኔ ያኔ አልደረስኩበትም። ስለዚህ ከላይም ከታችም ትንሽ ትንሽ ቆረጥኩና የቀረውን ወደ ጎን ሳብኩት።

እማማ አስቴር ወፈሩ። ጉንጫቸው ሞላ፣ ትከሻቸው ሰፋ፣ አንገታቸው ላይ ወጥቶ የነበረው አጥንት ጠፋ። ሐኪም ያቃተውን እኔ በአንድ ቁልፍ ጨረስኩት ማለት ነው። በእኛ አገር ወፍረሻል ማለት ተመስገን ማለት አይደል? ምሕረት እንኳ ስታየው ዓይኗ እንባ ሞላና፣ ውይ፣ የድሮዋን እማዬን መሰለች አለች። እኔም ኮራሁ።

ማቴዎስ ፊልሙን ከጓደኞቹ ጋር አየና ለእህቱ ደወለ። ምን ነካሽ፣ እንዲህ አምሮባት ታማለች ትይኛለሽ እንዴ፣ አላት። ሱቁን ጥሎ መምጣቱን ተወው። ለመስቀል እመጣለሁ አለ።

ምሕረት ይህን ልትነግረኝ ስቱዲዮ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለኝ። ወዲያው ዋናውን፣ ያልተነካውን ቪዲዮ በስልክ እንድትልክለት አደረግኩ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔን ለማስመጣት ብላችሁ እናቴን አቀጠናችኋት፣ ያ ኤዲተርሽ ለካ የማይሠራው የለም፣ አለ።

ራሴ ደወልኩለት። በእግዚአብሔር ስም፣ ያወፈርኩት ነው እንጂ ያቀጠንኩት የለም ብዬ ማልኩ። እስቲ ይህን መሐላ ከእኔ በፊት ማን ምሎት ያውቃል? ማቴዎስ ከልቡ ሳቀ። አይዞህ፣ ምሕረት ናት ያስገደደችህ፣ አውቃታለሁ፣ አለኝ። ለእናቱ እንዲደውልላቸው ለመንኩት። ደወለላቸው። እሳቸው ደግሞ ልጄን አላስጨንቅም ብለው ደህና ነኝ አሉት።

እማማ አስቴር መስቀል አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው አረፉ። ማቴዎስ ሲደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። በመጣ በሦስተኛው ቀን ስቱዲዮዬ በር ላይ ሳየው፣ በጥፊ ቢለኝ ቃል እንደማልተነፍስ ለራሴ ነገርኩት። እሱ ግን ቁጭ አለና ሁለቱንም ቪዲዮ አሳየኝ አለ። አሳየሁት። ቀጭኗን እናቱን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ይችን አላውቃትም፣ ያችኛዋን ስጠኝ አለ። በፍላሽ ገለበጥኩለት። ከመቀመጫው ተነስቶ ትከሻውን ከትከሻዬ አጋጨና አመሰገነኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እኔም አልነግራችሁም ነበር። በወሩ አንድ ሰው ከጆሃንስበርግ ደወለ። የማቴዎስ ጓደኛ ነው፤ ያን ፊልም አብሮ አይቷል፤ ሥራዬ በጣም ማርኮታል። እናቱ የሚኖሩት እዚሁ አቅራቢያችን ሀቢቾ ነው። ሰሞኑን ዘመዶቼ ደክማለች እያሉ ያስጨንቁኛል፣ ሄደህ ቅረጽልኝ አለ። ልመና በሚመስል ድምፅ፣ ወንድሜ፣ ቪዲዮውን ተወው፣ ዛሬውኑ ትኬትህን ቁረጥና ና አልኩት። እሱም በትሕትና፣ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ብቻ አንተ መጀመሪያ ቪዲዮውን ላክልኝና አይቼ እወስናለሁ አለኝ።