ያልተሸነፉት ኮች አሳምነው

ኮች አሳምነው መጀመሪያ የልጁን እግር ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያሳርፉታል፤ ጣቶቹ ወደ ላይ። ቁርጭምጭሚቱን በስስ ስፖንጅ ይጠመጥማሉ። ነጩን ፕላስተር ከላይ አንድ ዙር አስረው፣ በውስጥ በኩል ወደ ታች፣ በተረከዙ ሥር፣ በውጭ በኩል ሽቅብ ይስቡታል። ተረከዙን ግራና ቀኝ ይቆልፋሉ። መቀስ አይነኩም፤ በጣት ቦጨቅ ነው። ባቱን ቸብ አድርገው «ሂድ፣ ዛሬ የኛ ነው» ይላሉ።

አይደለም። የተጋጣሚ ነው።

ሽንፈት የማያውቅ አሰልጣኝ በየከተማው አይጠፋም፤ የሚሸነፈው ቡድኑ ነው። ለኛ ለሚኔሶታዋ ሴንት ፖል ሐበሾች የደረሱን ክቡር ኮች አሳምነው ናቸው፤ የአንዲት ትንሽ ኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ። ያ ሄልሜት ደፍተው የሚላተሙበት፣ ኳሱ ጫፍና ጫፉ የሾለው፣ ከእግር ይልቅ በእጅ የሚጫወቱት ጨዋታ።

በዘጠና አንድ የተቀጠሩት ማሊያ ለማጠብ ነበር። አንድ ቀን ኳስ መቺው ልጅ ደጋግሞ ሲስት አይተው፣ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ብለው በላስቲክ ቦት ጫማቸው ኳሱን በግቡ ምሰሶዎች መሃል ለመሃል አሳለፉት። የምት አሰልጣኝ ሆኑ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚት አሳሪ፣ መስመር ቀቢ፣ የአውቶብስ ሹፌር። ማጠቡም አልቀረላቸው። በዘጠና ስድስት ዋናው አሰልጣኝ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ ቦታውን ያለ ተወዳዳሪ አሸነፉ። እስካሁን ያሸነፉት እሱን ብቻ ነው።

ሰኞ ሰኞ ፊሊፕስ ሰፈር ያለው የሐበሻ ሱቅ ብቅ ሲሉ ታክሲ ነጂው ዱጋሳ አያልፋቸውም።

«ኮቹ! እንዴት ሆናችሁ?»

«ሰዓት አለቀብን እንጂ አልተሸነፍንም።»

«አርባ አንድ ለሦስት?»

«ሦስቷን በምን እንዳገባናት ታውቃለህ? በእግር!»

«ታዲያ ሌላውንም በእግር አትሞክሩትም?»

ባለቤታቸው ባየሽ ነገር አታንዛዛም፦ «አስሜ፣ እኛ ሆስፒታል ሰው እየቀጠሩ ነው።»

ዘንድሮ ግን ቀልዱ ቀረ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት «ተመልካች የሌለው ቡድን ምን ያደርግልኛል?» አለች። ሜዳ መጥታ ወንበሩን ባዶ ካየች ልትዘጋው ነው። ኮች ከመስጊድ ደጅ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እየዞሩ ለቅዳሜ ለመኑን። ለራሳቸው እንኳ እንደዚያ ለምነው አያውቁም።

መጣን። ባለሱቁ ተማም ቤተሰቡን በቫን ጭኖ፣ ዱጋሳ ታክሲውን አቁሞ። ሜዳው ግራና ቀኝ ወንበር አለው። አንዱ በኩል የጂሙ ሕንፃ ጥላ ጥሎበት በረዶ ነው፤ ማዶ ፀሐይ ነው። ወሩ ኅዳር፣ አገሩ ሚኔሶታ። ሰው የት ይቀመጣል? ፀሐዩ ጋ ተደርድረን «አሳምነው! አሳምነው!» እያልን ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኽን።

ለካ ያ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ቦታ ነው። ፕሬዚዳንቷ በባዶ ወንበሮች መሃል ኩርምት ብላ «እንግዶቹ ይሄን ሁሉ ሰው ከየት አመጡት?» አለች አሉ። የእንግዳው ቡድን አሰልጣኝማ መጥቶ አንድ በአንድ ጨበጠን።

ሰኞ ቁጣ ስንጠብቅ፣ ኮች ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው ልጅ እንደዳረ ሰው አመሰገኑን። ተጫዋቾቹ «ኮች፣ ስምህን የሚጠራው ያ ሁሉ ሰው ዘመድህ ነው?» ብለው ጠይቀዋቸው፣ «ዘመዴ ነው» ብለዋል። ፕሬዚዳንቷንም አስረድተው አንዲት ቅዳሜ አስጨምረዋል፤ የምትወስነው ያን ቀን ነው። እኔ ጨዋታው እስካሁን አልገባኝም፤ የዚያን ቀን ግን የትም አልሄድም።

ይህን እንደምጽፍ ሲሰሙ ለእናንተ እንዲህ በልልኝ አሉ፦

«ቅዳሜ ኑልኝ። ብርድ ልብስ ያዙ፤ እባካችሁ፣ ጥላው ጋ ተቀመጡልኝ።»