ክብርት አክስቴ እና ባለ ግራጫ ሻርፖቹ

በየቤተ ዘመዱ አንድ የኑፋቄ መርማሪ አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ተሹሞ ነው የሚወለደው። ሰፈር ውስጥ ጥቂት ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ላይ ከተቀመጡ፣ እሱ ወዲያው፣ "ሃይማኖት ነው ወይስ የሰውን ጭንቅላት የሚያዞር ኑፋቄ?" ብሎ ፋይል ይከፍታል። የእኛው መርማሪ ክብርት አክስቴ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ ባለ ወፍራም መነጽር። ከንፈራቸው መሃል ሁልጊዜ መርፌ አለ፤ ሲፈርዱም አያወጡትም።

"ኑፋቄን እኔ ከሩቅ በጠረኑ ነው የማውቀው" ይላሉ። "አለቃቸውን ማንም ደፍሮ አይናገረውም። ልብሳቸው አንድ ዓይነት ነው። አንዴ ከገባህ መውጫ የለህም።" በዚህ መስፈርት እስካሁን የዋና ክበቡንና የጥርስ ሐኪሙን ሠራተኞች በሙሉ አውግዘዋል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ቤታቸው ድረስ መጣ። ከሕንፃችን ሥር፣ ድሮ የቀለም መጋዘን በነበረው ክፍል አዲስ ማኅበር ተከፈተ። ሰዎቹ ግራጫ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ይመጣሉ፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ በመጨረሻ አንድ መዝሙር ዘምረው ይበተናሉ። አንድ ማለዳ የአክስቴ አንድያ ልጅ ግራጫ ሻርፕ ጠምጥማ ከክፍሏ ወጣች።

አክስቴ መርፌውን ከአፋቸው አወጡት።

"ልጄን ወሰዱብኝ" አሉኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። "እሁድ ለምሳ አልደርስም አለችኝ። የእሁድ ምሳ እኮ ነው! ተነስ፣ እንሂድ።"

ሄድን፤ እሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ። ማኅበርተኞቹ ጭጭ ብለው በተቀመጡበት አክስቴ ገቡ፣ ወጡ፣ እንደገና ገቡ፣ እንደገና ወጡ። መውጣት ይፈቀድ እንደሆነ እየፈተሹ ነው። ከልካይ ጠፋ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "በሩን ግን ይዝጉት፣ ይበርዳል" አሉ።

መሪው የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው፤ የሥራ ቱታውን እንኳ አልቀየረም።

"አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ተሳስተህ ታውቃለህ?" አሉት አክስቴ።

"ትናንትና፣ እናቴ። መዝሙሩን ከጣሪያ በላይ ጀምሬው የሁሉንም ጉሮሮ ፈጀሁ።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ። አክስቴ ቅር አላቸው። ኑፋቄ ሲስቅ አይተው አያውቁም። ተስፋ ባለመቁረጥ የአንዱን ሻርፕ ጫፍ ያዝ አደረጉ፤ ምርመራው የተበላሸውም ያኔ ነው።

"ይሄን ማን ነው የዘመዘመው? ተተርትሮ አልቋል እኮ! ኑፋቄም ብትሆኑ እንዲህ ሆናችሁ ሰው ፊት አትቀርቡም!"

ሻርፖቹን በሙሉ ሰብስበው እኔ ትከሻ ላይ ጭነው ቤት ገቡ።

ማታ ልጃቸው ስትመጣ እናቷ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅረው የኑፋቄውን ጠርዝ ሲዘመዝሙ አገኘቻቸው።

"እሺ እማዬ፣ ምን ተፈረደብን?"

"ልብሳችሁ አንድ ዓይነት ነው።"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ባለ አረንጓዴ መስመር ሸሚዝ ለብሻለሁ። የአክስቴ ባልም ያንኑ ለብሰዋል። አክስቴ ቤተሰቡን ሁሉ ከአንድ ጣቃ ነው የሚያለብሱት፤ መጋረጃውም ከዚያው ጣቃ ነው። ባላቸው ሳቃቸውን ለመደበቅ መጋረጃው አጠገብ ቢቆሙ ጭራሽ ጠፉብን።

"እዚህ ቤት አለቃውን ማን ደፍሮ ይናገራል?" አለች ልጅቷ። "እሁድ ሰው ጎድሎ ማንኪያ ያነሳ አለ? ከዚህ ቤትስ ማን ወጥቶ ያውቃል?" ከዚያ ድምፅዋ ለሰለሰ። "እወድሻለሁ እማዬ። ግን ተገድጄ ሳይሆን ፈልጌ ልምጣ።"

የስፌት መኪናው ቆመ።

እሁድ ደረሰ። ድስቱ ቀረበ፣ አንድ ወንበር ባዶ ነው። በቤቱ ሕግ ሁሉም ሳይሟላ አይበላም። አክስቴ ወንበሩን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እኛን አዩ።

"ብሉ" አሉ። "ስትመጣ ትበላለች። ካልመጣችም... ካልመጣችም ብሉ።" ተነስተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

ማንኪያ ያነሳ የለም። ከታች መዝሙሩ ተሰማ፤ ዛሬም ከጣሪያ በላይ ተጀምሯል። አክስቴ ሳይፈልጉ ሳቁ። ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ ገርበብ ባለው በር ሹልክ ብላ ገባች። የሻርፗ ጠርዝ በአረንጓዴ ክር ተዘምዝሟል። አክስቴ ሳህኗን አነሱና ሞቅ ያለውን ጨለፉላት።

እኔም ለምርመራ ያህል ብድግ ብዬ ወጣሁ። ማንም አልያዘኝም። ደረጃው ላይ ቆሜ አሰብኩት፤ ነፃ ሰው ነኝ፣ ወዳሻኝ መሄድ እችላለሁ። ከውስጥ የአክስቴ ድምፅ ይሰማኛል፤ የዋና ክበቡን እንደ አዲስ እየከሰሱ ነው። እንዴት እንደምወዳቸው! ባለ አረንጓዴ መስመር ሸሚዜን አስተካክዬ ተመለስኩ።

"አሁን በሩን ዝጋው" አሉኝ አክስቴ። "ሁላችሁም ገብታችኋል።"