ጋሼ ሙላቴ ያጠበቋት ብሎን

አንድ ሰፈር ያለ ወፍጮ፣ ያለ ጠላ ቤት፣ ሲብስም ያለ መብራት ሊኖር ይችላል። ያለ አጥባቂ ግን አይኖርም። በጾም በጸሎቱ የበረታውን ማለቴ አይደለም። ያየውን ክዳን፣ ቧንቧ፣ ብሎንና ገመድ ሁሉ ትንሽ ሳይጨምርበት ማለፍ የማይሆንለትን ሰው ማለቴ ነው።

የእኛ የደብረ ታቦሩ ሰፈር አጥባቂ፣ ማዕረግ ይገባቸዋልና፣ ሊቀ አጥባቂያን ጋሼ ሙላቴ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የወፍጮ ቤት ሞተር ሲያስነሡና ሲያጠፉ ኖረዋል። ወፍጮ ደግሞ ጠዋት ያጠበቁትን ብሎን ማታ አላልቶ የሚያስረክብ ዕቃ ነው። ስለዚህ ሥራ ካቆሙ በኋላም ዓለም በሙሉ እየተንቀጠቀጠች የምትላላ መስሏቸው ቀረ። አንድ ነገር ሲያዩ መጀመሪያ ዓይናቸውን ጠበብ ያደርጋሉ። ከዚያ «ላልታለች» ይላሉ። ቀጥለው «አንዲት ልጨምርላት» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ያቺን ዕቃ የሚከፍት ሰው አይገኝም።

የሰፈሩን የውሃ ቦኖ እሳቸው ከዘጉት ሦስት ሴቶች ተጋግዘው በድንጋይ እየመቱ ነው የሚከፍቱት። ጎረቤቴ እቴነሽ አንድ ሰሞን ውሃ የጠፋው በጋሼ ሙላቴ ምክንያት ነው ብላ እድር ላይ ተናግራለች። የእድሩ ድንኳንም ቢሆን እሳቸው ካሰሩት ገመዱ በቢላ እንጂ በእጅ አይፈታም። በየሐዘኑ እየተቆረጠ ስላጠረ አሁን ድንኳናችን ቁጢጥ ያለ ይመስላል። የእኔን መነጽር ደግሞ አንድ ቀን በቢላ ጫፍ አጠበቁልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልታጠፍ ብሎ ሁለት እግሩን ዘርግቶ ጠረጴዛ ላይ ያድራል።

ይህን ሁሉ የማነሣው በአንድ ግንቦት ስለሆነው ነገር ብዬ ነው። ልጃቸው መክሊት ሰባት ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ ሐሙስ ከሰዓት ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ልትደርስ ነበር። በእነዚያ ዓመታት አባትና ልጅ በስልክ እንጂ በዓይን አልተያዩም። ልንቀበላት የምንሄደው በእኔ አሮጌ ዲኤክስ መኪና ነው። ጋሼ ሙላቴ ልጄን በሚኒባስ አላመጣትም ብለዋል፤ የሚኒባስ ብሎን ማን እንዳጠበቀው አይታወቅማ።

ረቡዕ ጠዋት መኪናዋን ላጥብ ስል የኋላው ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል ረጥቦ አገኘሁት። ፍሬኑን ስረግጠውም ከወትሮው አልፎ ዝቅ አለ። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው በዚያ ዓይነት ፍሬን አይወርድም። ጎማውን እያየሁ ሳስብ የጋሼ ሙላቴ እግር ከመኪናዬ ሥር ብቅ ብሎ አየሁ። ሌላው አካላቸው ቀድሞ ገብቷል።

የፍሬን ዘይት የምታፈሰው ከጎማው ጀርባ ያለች፣ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል ብሎን ነበረች። ፍሬን ውስጥ የገባ አየር የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። «ላልታለች» የሚል ደስ ያለው ድምፅ ከሥር ተሰማ። አጠበቋት፣ በጨርቅ ጠረጓት፣ ወጡ። ጠብታው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ፤ እሳቸውም ተመልሰው ገቡ። እስከ ቀትር አምስት ጊዜ ገብተው ወጡ። በገቡ ቁጥር ብሎኗ ሲጥ ትላለች፣ በወጡ ቁጥር የዘይቱ መፍሰስ ይብሳል። መካኒክ እንጥራ ብላቸው ለአንዲት ብሎን ሰው አይጠራም አሉኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ጨርቃቸው በዘይት ርሶ፣ ዓይናቸው ደጋግሞ ወደ ወረታው መንገድ ይሄድ ጀመር። እንደፈሩ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ደሴን ልጠራ ሄድኩ።

ደሴ ከመናኸሪያው በታች ጋራዥ ያለው፣ ቃል የሚቆጥብ መካኒክ ነው። ተንጋሎ ገብቶ አየና ማን እንዳጠበቃት ጠየቀ። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ፣ ጋሼ ሙላቴ ጎማውን አዩ። ደሴ መልሱን አገኘ። ብሎኗ ውስጧ ክፍት ነው፣ ጫፏ መቀመጫዋ ላይ በደንብ ካልገጠመ ዘይት ታሳልፋለች አለን። መጀመሪያ የገባባት ምናልባት አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ናት፤ ተከፍታ ብትታጠብ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሲያጠብቋት ግን አሸዋው ጫፏን በላው። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጨመርላት ኖሮ እዚያው ውስጥ ተሰብራ ትቀርና ሐሙስ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም ነበር። ደሴ ይህን ሲል ድምፁን እንኳ አላነሣም። ጋሼ ሙላቴ ግን ከተሰደበ ሰው በላይ አንገታቸውን ደፉ።

ደሴ ጋራዡ ከቆመ ሌላ ዲኤክስ ላይ ደህና ብሎን ነቅሎ አመጣ። እኔ ፍሬኑን እየረገጥኩ፣ እሱ ከሥር እየከፈተ፣ መቀመጫዋን በዘይት አጠበው፤ አዲሷን አስገብቶ አየሩንም አስወጣ። በመጨረሻ ፔዳሉን ረግጬ እንድቆይ ነገረኝና ብሎኗን በጣቱ ብቻ ዘግቶ ወጣ። መፍቻውን ለጋሼ ሙላቴ ዘረጋላቸው።

«አንቱ ያጥብቋት» አላቸው።

እኔ መሪው ኋላ ተቀምጬ ማተቤን ያዝኩ። ምን ነካህ ብዬ ደሴን ብጠይቀው «እኔ ከሄድኩ በኋላ መጥተው እንደሚጨምሩላት አውቄ ነው» አለኝ።

ጋሼ ሙላቴ ተንጋለው ገቡና ቀስ ብለው አዞሯት።

«ይብቃዎት» አለ ደሴ።

«ትላላለች።»

«አትላላም። እጅዎን ያንሡ።»

እግሬ ፔዳሉ ላይ ደነዘዘ። ሠላሳ ዓመት በየዕቃው ላይ አንዲት ሲጨምር የኖረ እጅ ስንት ደቂቃ መፍቻው ላይ እንደቆየ አላውቅም። ብቻ በመጨረሻ መፍቻው መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ጋሼ ሙላቴ በርጩማ አምጥተው ጎማው አጠገብ ተቀመጡና እስኪመሽ ጠበቁ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

ሐሙስ ከመነሣታችን በፊት ይቅርታ ጠይቄ ኪሳቸውን ፈተሽኩ። አሥር ቁጥር መፍቻ አገኘሁ። ሳይከራከሩ ሰጡኝ። ቁልቁለቱን በሙሉ እኔ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር የራሳቸውን እግር ጨምረው የመኪናዬን ወለል እየረገጡ ወረዱ። ሐሙሲት ከተማ ስንቆም ከገበያተኛው መሀል ተንበርክከው ጎማውን ከጀርባው ዳበሱት። ጣታቸው ላይ አቧራ እንጂ ዘይት አልነበረም። ጣታቸውን ለእኔም አሳዩኝ።

መክሊት ስትወጣ መጀመሪያ ያወቋት እሳቸው ናቸው። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ፤ እኔ ሻንጣ ጠበቅኩ። ከዚያ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተችና ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ጠርሙስ አወጣች። ሙሉ በርበሬ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ስትሄድ እናቷ ወርቅዬ የሞሉላት፣ አባቷ የዘጉላት።

«እምቢ አለኝ፣ አባዬ» አለች።

የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራዋለች። የአሠሪዋ ወንዶች ልጆች በየተራ ሞክረውታል፣ ሹፌሩም ሞክሮ እጁን ታሟል። ለምን እንዳልሰበረችው ጠየቅኳት።

«ብሰብረው ያልቅብኛል» አለች። «ሲከፋኝ አውጥቼ እታገለው ነበር። ያኔ አባዬ አጠገቤ ያሉ ይመስለኛል።»

ጋሼ ሙላቴ ጠርሙሱን ተቀብለው ክዳኑን ያዙ። ፊታቸው ቀላ፣ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። አረፍ ብለው እንደገና ሞከሩ። የዚያን ጊዜው ሙላቴ የአሁኑን አሸነፋቸው። እጃቸውን ገልብጠው አዩት፤ ራሳቸውን እንደዚያ ሲያዩ አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ ጠርሙሱን ለእኔ አቀበሉኝ።

ፊቴን ወደ መኪናዋ አዞርኩና ከሆዴ አስጠግቼ ጠመዘዝኩት። ክዳኑ እጄ ውስጥ ሸርተት አለ። በርበሬው ሸተተኝ። ቶሎ ወደነበረበት መለስኩት፤ ከዚያም ማንም ሳያየኝ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ አንዲት ጨመርኩለት።

«እምቢ አለ፣ ጋሼ» ብዬ መለስኩላቸው።

«ድሮስ ማን ያጠበቀው መስሎህ ነው?» አሉኝ።