አሮጌው መጋዜና መመሪያ አምላኪው

የማሽን መመሪያ የሚያመልክ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ከንፋስ መውጫ ከተማ የመጣው የሥራ ጓደኛዬ አሮጌ የሞተር መጋዜን ባየ ቁጥር ይስቃል፤ ጭስ ማውጫውን በሞረድ ስላሰፋሁት፣ ቤንዚኑንም ድምፁን እየሰማሁ ስለምቀንስለት። ሳቅ መቼም ቤንዚን አይፈጅም።

በመሪጌታ ጣሪያ ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ ልንቆርጥ ስንሄድም «አያ ደሴ፣ መመሪያው ቤንዚን የምትመጥነዋን ብሎን አትንኩ ይላል» አለኝ። አዲሱ መጋዙ ግን ጥቁር ጭስ እየተፋ ሦስት ጊዜ ጠፋ። ዛፉ ይንቋቋል፤ መሪጌታ ጣሪያቸውን እያዩ ይጸልያሉ።

«እኔም በአርባ ዓመቴ ፊደል ቆጥሬ አንብቤዋለሁ» አልሁት። «የጻፈው ሰው ግን ደጋ አልወጣም። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ ይበዛና መጋዙን ያንቀዋል።»

የእኔው አሮጌ መጋዝ ዛፉን ወደ ሜዳው ጣለው።

በማግስቱ አዲሱን መጋዝ ተሸክሞ መጣ። «አያ ደሴ፣ ብሎኗን ቢነኩልኝ?»

«መጀመሪያ አትንኩ የሚለውን ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

አነበበ። ነካሁለት።