ጋሽ ተተኪና ስድስቱ ሠልጣኞች

ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ያኔ፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሳሙና ፋብሪካው ዋና መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ይህ የጫማ ድምፅ ሲሰማ ሠራተኛው ሁሉ ወገቡን ያቀና ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ግን ከፋይሏ ቀና ሳትል፣ «መጡ ደግሞ ዕድገታችንን ተሸክመው!» ትላለች፣ ለራሷ።

ደመወዝተኛ ባለበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። የሰው ተሰጥኦ በሠንጠረዥ ይለካል ብሎ ከልቡ የሚያምን፣ የሰውን ዕድል በክላሰር አቅፎ የሚዞር፣ ተስፋን ለሁሉ የሚያድል፣ ሹመትን ግን እንደ መድኃኒት በጠብታ የሚሰጥ። የእኚህኛው ሙሉ ማዕረግ «የሰው ኃይልና የተሰጥኦ ልማት ዋና ክፍል ኃላፊ» ነበር። ይህን ሁሉ ጠርቶ ለመጨረስ ትንፋሽ ስለሚያጥር ሠራተኛው «ጋሽ ተተኪ» ይላቸዋል።

ስሙን ያወጣላቸው የገዛ ደንባቸው ነው። «ለቦታው ተተኪ ያላዘጋጀ ሠራተኛ አያድግም» ይላል ደንቡ። ሲሰሙት ደግ ነገር ይመስላል። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮም አመነችና ተተኪ አዘጋጀች። የመጀመሪያው ሠልጣኝ የፋይል አቀማመጥ ቶሎ የሚገባው ንቁ ሰው ነበር። ስምንት ወር አስተምራ «ጋሼ፣ ይኸው ደርሷል» ብትላቸው ጋሽ ተተኪ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«እንዲህ ያለ ተሰጥኦማ መዝገብ ቤት አይባክንም!» ብለው ወደ ግዥ ክፍል ወሰዱት።

ሁለተኛዋን ሽያጭ ክፍል ወሰዳት። ሦስተኛው አስተዳደር ገባ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስድስት ሰው አሠለጠነች፤ ስድስቱም ክንፍ ሲያወጡ በረሩ። ደብዳቤ ላይ ቁጥር መምታት ያስተማረችው ሰው ዛሬ የዓመት ፈቃዷን የሚፈርምላት የአስተዳደር ኃላፊ ነው። ሲያያት «እትዬ!» ብሎ ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ «በዚህ ወር እንኳ አይመችም» ይላታል።

በየዓመቱ መጨረሻ ጋሽ ተተኪ ሠራተኛውን የሚመድቡበትን ባለ ዘጠኝ ሳጥን ሠንጠረዣቸውን ይዘረጋሉ። ከላይ በቀኝ በኩል «የነገ መሪዎች» የሚባል ሳጥን አለ። የእሷ ስም ግን መሀል ላይ፣ «ባሉበት የሚጠቅሙ» ከሚለው ሳጥን ወጥቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ዘንድሮም እዚሁ ነኝ?»

«አይዞሽ እህቴ፣ ስምሽ ዝርዝሩ ላይ አለ። ደግሞስ አንቺ ምሰሶ ነሽ። ምሰሶ ይነሣል እንዴ? ከተነሣ ጣራው ይወርዳል!»

«ለካ ለዚህ ነው ሁሉም እኔን ተደግፎ ጣራ የሚወጣው!»

ጋሽ ተተኪ ቀልድ አይገባቸውም። «መልካም አስተያየት ነው» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

ትናደድባቸዋለች፣ ግን እንዳትጠላቸው ያደረጓት ራሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ቤቷ ተኝታ ሳለች ብርቱካንና የምዘና ቅጽ ይዘው ከች አሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው፣ ብርቱካኑን እየላጡ ለእሷም ለልጆቿም ሲያድሉ ቆዩ። ሲነሡ «የቀረሽው በሕመም ስለሆነ ነጥብሽ አይነካም» ብለው በዚያው በረጠበ እጃቸው ፈረሙላት። ባሏ እስኪወጡ ጠብቆ «እኚህ ሰውዬ ሊጠይቁሽ ነው ወይስ ሊመዝኑሽ የመጡት?» ሲላት ስፌቷ እስኪያማት ሳቀች።

ጡረታዋ ሦስት ዓመት ሲቀረው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ለቀቁ። ይህ ቦታ ካመለጣት ሌላ አይመጣም፤ እንደገባች መውጣቷ ነው። የሹመት ኮሚቴው በተሰበሰበ ዕለት ፋይል የት እንዳለ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ የራሷን ጉዳይ ፋይል አቅፋ የገባችው ራሷ ነበረች።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ቅጹን አነበቡ። «ልምድ፣ አለ። ሥነ ምግባር፣ አለ። ተተኪ...» ቀና አሉ። «ይሄ ባዶ ነው።»

«ስድስተኛዋ ነበረችኝ፤ ባለፈው ሳምንት ማስታወቂያ ክፍል ወሰዳት» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው። ለሚመጣው ዓመት ይተላለፍ።»

ጋሽ ተተኪ እንደ ልማዳቸው «ትክክል» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ዐይናቸው ግን ጠረጴዛውን ዞረ። የግዥ ኃላፊው፣ የሽያጭ ኃላፊዋ፣ የአስተዳደር ኃላፊው፣ ሦስቱም እሷ ያሠለጠነቻቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወረቀት ያያሉ። ጋሽ ተተኪ በጣታቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጠሩ። አፋቸውን ገጠሙ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተተኪ አለ» አሉ።

«ማን?»

«እኔ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«እኔ ቀልድ አልችልም፤ ታውቃላችሁ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተተኪ ከየትኛውም ክፍል ሊመጣ ይችላል ይላል።»

«የእርስዎን ቦታስ ማን ሊይዘው ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ጥፋቴም እሱ ነው። ሰውን ሁሉ ተተኪህ የታለ እያልኩ ሳፋጥጥ ለራሴ አንድ ሰው አላዘጋጀሁም። በደንቡ መሠረት እኔ ለኃላፊነት አልበቃም። ይፈርሙላት።»

ሳቁ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ አንዴ እሳቸውን አንዴ እሷን አዩና ብዕራቸውን አነሡ። ፈረሙ።

ሴትዮዋ ዕንባዋ ሲመጣባት ጨዋታ አስመስላ፣ «ጋሼ፣ እኔ ጋ የሠለጠነ ሰው እኮ አይበረክትም፤ ወዲያው ይወስዱታል» አለቻቸው።

ጋሽ ተተኪ ወረቀታቸውን ሰብስበው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ።

«እኔንማ ማን ይወስደኛል ብለሽ ነው?» አሉና፣ «ደኅና ዋሉ» እንኳ ሳይሉ በሩን ከፍተው ወጡ።